የታፈነ እሳት፦ ስለ እንጨት ምድጃና ስለ ጭስ ማውጫው የሙቀት ልክ የተደረገ ዲስኩር



 ዛሬ የምናገረው ስለ እሳት ነው። በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች፣ በኮሎራዶም ሆነ በሚኒሶታ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የገዛ ወገናችን አንዳንድ ጊዜ ከቤቱ ጋር የብረት ምድጃም አብሮ ይረከባል። ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከጀርባው ጥቁር ቱቦ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ያመራል። ሻጩ የቤቱን ቁልፍ ያስረክባል፤ የምድጃውን ጠባይ ግን አስረድቶ የሚሄድ ሻጭ ብዙ አይገኝም። የጋዝና የመብራት ሒሳብ ሲከብድ፣ ወይም በረዶ የመብራት ምሰሶ ጥሎ ቤቱ ሲጨልም፣ ያ ምድጃ ይታወሳል።

እሳት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን ጭራሮ ለቅሞ፣ ፍልጥ ፈልጦ፣ ዓይኑ እስኪያለቅስ እፍ ብሎ ያደገ ብዙ ነው። የእኔም ስጋት ከዚሁ የሚነሳ ነው። እሳትን የሚያውቅ ሰው መመሪያ አያነብም። እዚህ ያለው እሳት ግን በብረት ሣጥን ተከርችሞ የተቀመጠ፣ መውጫውም አንድ ቱቦ ብቻ የሆነ እሳት ነው። ጠባዩ ከለመድነው ይለያል።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። የምድጃ እሳት የላይና የታች ወሰን አለው። የላዩን ሁላችንም እንፈራዋለን፤ ብረት ሲግል፣ ነበልባል ሲጮህ ማንም ይደነግጣል። የታችኛውን ወሰን ግን የሚፈራው ሰው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ቀዝቀዝ ያለ እሳት ደህና እሳት ይመስለናል። ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚነሳው ቃጠሎ ግን ነዳጁን የሚያጠራቅመው በዚያ ቀዝቀዝ ባለው እሳት ነው። ሌላው የምለው ሁሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

እንጨት እንዴት እንደሚነድ እንመልከት። ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውሃው ይተናል። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የእንጨቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ሙቀቱ 200 ዲግሪን ሲያልፍ እንጨቱ ራሱ መፈራረስ ይጀምራል፤ ጋዝና የሬንጅ ተን ይተፋል። ጭስ የምንለው ይህንን ነው። ጭስ ደግሞ ያልነደደ ነዳጅ ነው፤ እንጨቱ ከያዘው ጉልበት ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የሚወጣው በዚህ ጋዝ መልክ ነው። ጋዙ አምሮ እንዲነድ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ በቂ አየርና ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት ወደ 1100 የሚጠጋ ሙቀት። ሁለቱን ሲያገኝ ነበልባል ይሆናል። በመጨረሻ ጋዙ ያልቅና ከሰሉ ይቀራል፤ ያለ ጭስ፣ ያለ ብዙ ነበልባል ፍም ሆኖ ይቆያል።

አየሩን አጥብቃችሁ ስትዘጉት ምን ይሆናል? እንጨቱ ለመፈራረስ የሚበቃው ሙቀት አለው፤ ለዚህ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ይበቃዋል። ጋዙ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ግን አያገኝም። ስለዚህ ጭሱ ሳይነድ ወደ ቱቦው ይገባል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለት ከ250 ፋራናይት፣ በታች ሲወርድ የሬንጁ ተንና የውሃው እንፋሎት ከቱቦው ግድግዳ ላይ ጠል ሆነው ይለጠፋሉ። የጭስ ማውጫ ባለሙያዎች ይህን ዝቃጭ ክሪዮሶት ይሉታል። እኛ ከድሮ ጀምሮ ጥቀርሻ እንለዋለን። በጎጆ ማድ ቤት ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ሲብለጨለጭ ያላየው የለም። እዚህ አገር የምትጠነቀቁት ያንኑ ጥቀርሻ ነው፤ ልዩነቱ ከጣሪያ ላይ ሳይሆን ከቱቦ ውስጥ መቀመጡ ነው።

ጥቀርሻ ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው እንደ ዱቄት የላላ ጥላሸት ነው፤ በብሩሽ ተጠርጎ ይወርዳል። ሁለተኛው እየተቀረፈ የሚነሳ ጠንካራ ጥቁር ቅርፊት ነው፤ ይህም በትግል ይለቃል። ሦስተኛው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ከቱቦው ጋር የተጣበቀ ድፍን ሬንጅ ነው። ብሩሽ አይነካውም፤ በኬሚካል ወይም በልዩ መሣሪያ የሚነሳ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ቱቦውን ከነአካቴው መቀየር ግድ ይላል። ሦስተኛው የሚመጣው ጭሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲኖር፣ ሬንጅ በሬንጅ ላይ ሲደራረብ ነው። እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል፤ የታፈነ እሳት ግን ከአመድ በፊት ሬንጅ ይወልዳል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ልማድ ልናገር። አገር ቤት ማታ እሳት ይዳፈናል። እናቶቻችን ፍሙን ሰብስበው አመድ ያለብሱታል፤ ሲነጋ ረመጡን ገልጠው ጭራሮ ጣል ያደርጉና እፍ ይሉታል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ክብሪት ይቆጥባል፣ ጎረቤት ዘንድ እሳት ለመጫር ከመሄድም ያድናል። ይህን ልማድ ይዘን የብረት ምድጃ ፊት ስንቀመጥ ግን ሳናውቀው ሌላ ነገር እንሠራለን። ማታ ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን በወፍራም ፍልጥ እስከ አፉ እንሞላዋለን፤ እስኪነጋ እንዲቆይልን አየሩን ጥርቅም አድርገን እንዘጋዋለን። እናቶቻችን የሚዳፍኑት ጋዙ የወጣለትን፣ ጭሱ ያለቀለትን ፍም ነው። እኛ የምንዳፍነው ገና ያልነደደ ጥሬ ማገዶ ነው። ያ ማገዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨስ ያድራል፤ እኛ ስንተኛ ቱቦው ሬንጅ ሲጠጣ ያድራል። ጠዋት ቤቱ ለብ ብሎ፣ ፍምም ተርፎ ስናገኝ ብልሃታችን የሠመረ ይመስለናል።

በዚህ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሰማይ ሲነካ አሜሪካውያን ወደ እንጨት ተመለሱ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ አየር እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ ምድጃዎች በብዛት ተሸጡ። የሚመሰገኑትም ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይዘው በማደራቸው ነበር። ሰዉም አየሩን እየዘጋ ተኛ፤ ቱቦዎች በሬንጅ ተደፈኑ፤ የጭስ ማውጫ ቃጠሎ በዛ። የሰፈሩ አየርም በጭስ ታፈነ። በ1988 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለአዳዲስ ምድጃዎች የመጀመሪያውን የጭስ ገደብ አወጣ፤ በ2015 አጠበቀው፤ ከ2020 ጀምሮ አዲስ ምድጃ በሰዓት ከ2 ግራም የበለጠ የጭስ ብናኝ እንዳይለቅ፣ በተፈለጠ ማገዶ ከተፈተነ ደግሞ ከ2 ግራም ተኩል እንዳያልፍ ተወሰነ። ደንቡ የወጣው ለአየር ጥራት ነው፤ ጥቅሙ ግን ለቱቦውም ተረፈ። ምድጃው ውስጥ ተቃጥሎ ያለቀ ጭስ ከግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይኖረውምና።

አንድ ጥያቄ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። «በቱቦው የሚወጣው ሙቀት የእኔ ገንዘብ አይደለም ወይ? ለምን ወደ ሰማይ ልስደደው?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ጠይቆታል። በ1740ዎቹ መጀመሪያ ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ ምድጃ ነደፈ፤ በ1744 ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመ፤ የፔንሲልቬኒያ አስተዳዳሪ የፈጠራ መብት ልስጥህ ሲለው አልፈልግም አለ። ሐሳቡ የጭሱን ሙቀት አሟጦ ክፍሉ ውስጥ ማስቀረት ነበር። ስለዚህ ጭሱ በቀጥታ አይወጣም፤ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ፣ በወለሉ ሥር አልፎ፣ ከዚያ ወደ ጭስ ማውጫው እንዲወጣ አደረገው። ጭሱ ሙቀቱን ክፍሉ ውስጥ ጥሎ ሲቀዘቅዝ ግን መውጫ ጉልበት አጣ። ምድጃው መሳብ ስላቃተው በኋላ የተሠሩት ያንን ቁልቁል መንገድ ትተው ጭሱን በቀጥታ ወደ ላይ ለቀቁት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው ስለሚሞቅ ነው። በዜሮ ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በ200 ዲግሪ ግን ሦስት አራተኛ ኪሎ ብቻ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ቀላል፣ ውጭ ያለው ከባድ ስለሆነ ከባዱ ቀላሉን ገፍቶ ያወጣዋል፤ በዚያው ምድጃው አዲስ አየር ይስባል። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ጭሱ ይተኛል፤ በር ስትከፍቱ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። በቱቦው የምትለቁት ሙቀት ያለ ዋጋ የሚባክን እንዳይመስላችሁ፤ ጭሱን አውጥቶ አየር የሚያስገባላችሁ ሠራተኛ ነው። ልትቆጥቡበት ትችላላችሁ፤ ልታስቀሩት ግን አይቻልም።

ስለዚህ ልኩ የት ነው? ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ቱቦው ነጠላ ብረት ከሆነ በማግኔት የሚለጠፈውን ገዝታችሁ ከምድጃው አናት ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉት። የቱቦው ገጽ ከ120 እስከ 245 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳይ ደህና ነው፤ በፋራናይት ከ250 እስከ 475 ማለት ነው። ከ120 በታች ከዋለና ካደረ ሬንጅ እያጠራቀማችሁ ነው። ከ245 በላይ ሲሆን እሳቱ ከልክ አልፏል፤ ሙቀቱም በከንቱ እየሄደ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የቱቦውን ገጽ እንጂ የውስጡን ጋዝ አይለኩም። ውስጥ ያለው ጋዝ ከገጹ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ይሞቃል። ቀደም ሲል ጭሱ ከ120 በታች ሲወርድ ይለጠፋል ብዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ የገጹ ዝቅተኛ ልክ 120 ነው እያልኩ ነው። አይጋጭም። ከምድጃው አጠገብ የቱቦው ገጽ 120 ከሆነ ውስጡ 200 ገደማ ነው፤ ጭሱ ከጣሪያው በላይ እስኪወጣ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጫፉ ላይ ሳይለጠፍ ለማምለጥ የሚበቃ ስንቅ አለው ማለት ነው። ቱቦው ድርብ ግድግዳ ከሆነ ግን ማግኔቱ ያታልላችኋል፤ የውጪው ብረት ቀዝቃዛ ነው። ለዚህ ዘንጉ ቱቦውን በስቶ ገብቶ ጋዙን የሚለካው ቴርሞሜትር አለ። በእርሱ ላይ ደህናው ከ205 እስከ 480 ዲግሪ፣ በፋራናይት ከ400 እስከ 900 ነው።

ምጣድ ላይ ቆማ የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት አይቸግራትም። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ የፈሰሰበት እንጀራ ዓይን አያወጣም፤ ከልክ በላይ ሲሰማ ደግሞ ያርራል። በመካከል ያለውን ልክ እጇ ያውቀዋል። ለምድጃው እጅ ስለማይበቃ ቴርሞሜትሩን በእጃችሁ ቦታ ተጠቀሙበት።

ቴርሞሜትር እስክትገዙ ድረስ ሦስት ምልክት አለላችሁ። አንደኛ የበሩን መስታወት እዩ፤ ከጠቆረ እሳቱ ቀዝቃዛ ነው ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው። ሁለተኛ ምድጃው ውስጥ ያለውን ጡብ እዩ፤ በደንብ የነደደ እሳት ጥላሸቱን ከጡቡ ላይ ያጸዳዋል። ሦስተኛ ከቤት ወጥታችሁ ወደ ጣሪያው ቀና በሉ፤ እሳቱ ከተያያዘ ከ20 ደቂቃ በኋላም ወፍራም ግራጫ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ነዳጃችሁን ለጎረቤት እየበተናችሁ ነው።

ወደ ላይኛው ወሰን ልሂድ። የምድጃው አካል ራሱ ልክ አለው፤ ልኩን የሚነግራችሁ የራሱ የአምራቹ መመሪያ ነው፤ ምድጃ ከምድጃ ይለያያልና የጎረቤታችሁን ቁጥር አትዋሱ። መመሪያው ከጠፋ ከምድጃው ጀርባ ከተለጠፈው ሰሌዳ ስሙንና ሞዴሉን አንብባችሁ ፈልጉት። ብረቱ ግሎ ቀይ ሲመስል ግን ምንም መመሪያ አያስፈልግም። ጆን ዊሊያም ድሬፐር የሚባል ሳይንቲስት በ1847 እንዳሳየው ጠጣር ነገር ሁሉ በጨለማ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን መስጠት የሚጀምረው ወደ 525 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ምድጃው ወይም ቱቦው ቀላ ብሎ ካያችሁት ከ500 አልፏል። በዚያ ሙቀት ብረት ይጣመማል፣ ፍሬም ይሰነጠቃል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል። አንድ ጊዜ የተጣመመ በር ከዚያ በኋላ አየር እያስገባ እሳቱን ከእጃችሁ ያወጣዋል።

እሳት ከልክ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው በሩን ወይም የአመድ መውጫውን ገርበብ አድርጎ ትቶ መሄድ ነው፤ አየር ከሥር በኃይል ሲገባ ምድጃው እንደ ወናፍ ይነፋል። ሁለተኛው ምድጃውን በስስ ደረቅ እንጨት፣ በካርቶን ወይም በጣውላ ቁርጥራጭ መሙላት ነው። ሦስተኛው የበሩ ዙሪያ ማሸጊያ ገመድ ማርጀቱ ነው። በሩ መካከል አንድ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉትና ወረቀቱን ሳቡት፤ ሳይዝ ቶሎ ከወጣ ገመዱ ይቀየር። እሳቱ ካመለጣችሁ የአየር መግቢያውን ሁሉ ዝጉ፣ በሩን አትክፈቱ፣ እንጨት አትጨምሩ። ውሃ በፍጹም አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ያቃጥላችኋል።

አሁን ሁለቱ ወሰኖች የሚገናኙበት ቦታ ደርሰናል። ለሳምንታት በታፈነ እሳት ሬንጅ የጠጣ ቱቦ አለ። አንድ ቀን ብርዱ ይከፋል፤ ወይም እንግዳ ይመጣና ቤቱ ቶሎ ይሙቅ ይባላል። ምድጃው በደረቅ ማገዶ ይሞላል፣ አየሩ ይከፈታል፣ ነበልባሉ ቱቦው ውስጥ ይዘልቃል። ሬንጁ ይያያዛል። የጭስ ማውጫ ቃጠሎ ወደ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ድምፁ እንደሚያልፍ ባቡር ወይም አውሮፕላን ይጮኻል፤ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፤ ከጣሪያው በላይ ብልጭታ ይታያል። ሰው ጥፋቱን በዚያ ቀን ትልቅ እሳት ላይ ያሳብባል፤ ነዳጁ ግን የተጠራቀመው በእነዚያ ጸጥ ባሉ ሌሊቶች ነው። ጸጥ ብሎ የሚያልፍ ቃጠሎም አለ፤ ባለቤቱ ሳያውቅ የጡቡን ጭስ ማውጫ ሰንጥቆት ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ቃጠሎ በዚያ ስንጥቅ ወደ ጣሪያው እንጨት ይገባል።

ይህ ቢደርስባችሁ ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡ፣ 911 ደውሉ። ስትወጡ የአየር መግቢያውን መዝጋት ከቻላችሁ ዝጉ። እሳቱ ጠፋ ብላችሁ በማግስቱ አታንድዱ፤ ባለሙያ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያይ አይነካም። በፋብሪካ የሚሠራው የታሸገ የብረት ጭስ ማውጫ ዩኤል 103 ኤችቲ በሚባለው ደረጃ ይፈተናል፤ በ538 ዲግሪ ሳይቋረጥ እንዲሠራ፣ በ1149 ዲግሪ ደግሞ ለአሥር አሥር ደቂቃ ሦስት ጊዜ እንዲችል። የፈተናው ትርጉም ቤቱን ለማዳን ጊዜ መስጠት ነው፤ ቃጠሎ በየክረምቱ ቢመጣ ይችላል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ስለ ግድግዳው። ሙቀት የሚያቃጥለው በነበልባል ብቻ አይደለም። ለጋለ ቱቦ ተጠግቶ ዓመታት የኖረ እንጨት እየደረቀ፣ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ለመያያዝ የሚፈልገው ሙቀትም ከትኩስ እንጨት ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ «አምስት ዓመት እንዲሁ ኖሯል፣ ምንም አልሆነም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ በየዓመቱ ወደ አደጋው እየተጠጋ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 211 የሚባለው ደረጃ ነጠላ ግድግዳ ቱቦ ከሚቀጣጠል ነገር 46 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ፣ የፍተሻ ማኅተም የሌለው ምድጃ ደግሞ 91 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ይጠይቃል። ማኅተም ያለው ምድጃ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ርቀት ይከተላል። ሶፋ፣ መጋረጃ፣ የልብስ ማድረቂያ፣ የማገዶ ቅርጫት ሁሉም በዚህ ይቆጠራሉ። ነጠላ ቱቦ ግድግዳና ጣሪያ በስቶ አያልፍም፤ እዚያ ላይ የታሸገው ጭስ ማውጫ ግድ ነው። ቱቦዎቹ ሲጋጠሙ ጠባቡ ጫፍ ወደ ምድጃው ይመለከታል፤ ሬንጅ ቢወርድ ወደ እሳቱ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም። በዚንክ የተለበጠ ቱቦም አይሆንም፤ ዚንክ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ጢሱም መርዝ ነው።

ምድጃው ጥሩ፣ ቱቦው ጥሩ ሆኖ ማገዶው እርጥብ ከሆነ ሁሉም ከንቱ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ትናንት የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከዚህ 10 ኪሎ ምድጃ ውስጥ ብትከቱ 5 ኪሎው ውሃ ነው። ያንን ውሃ አሙቆ ለማትነን ከ3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያልፍ ጉልበት ይጠፋል። የ1500 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ውጭ በረዶ ላይ አስቀምጦ እንደ መለኮስ ነው። ብክነቱ ሳያንስ ውሃው እሳቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጋዙ ሳይነድ ይሄዳል፤ ሬንጁ ይበዛል። ስለዚህ ከ20 በመቶ በላይ ርጥበት ያለው ማገዶ አይነደድ። የርጥበት መለኪያ በርካሽ ይገኛል፤ ፍልጡን እንደገና ፍለጡና በአዲሱ ፊት ላይ ለኩት፤ ውጪው ደርቆ ውስጡ ይዋሻልና። እንጨት ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ፣ ላዩ ተሸፍኖ፣ ጎኑ ለነፋስ ተከፍቶ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ፤ እንደ ኦክ ያለው ጠንካራ እንጨት እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ለዘንድሮ ክረምት የሚያነድ ሰው አምና መፍለጥ ነበረበት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቀለም የተቀባ ወይም በመድኃኒት የታከመ ጣውላ፣ ፕላስቲክ፣ የቤት ቆሻሻ አታንድዱ። ድሮ በታከመ ጣውላ ውስጥ አርሴኒክ ሊኖር ይችላል፤ ጢሱም አመዱም መርዝ ነው።

አሁን የአንድ ቀን ሥራ ልዘርዝር። ጠዋት ስታነድዱ አየሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ በስስ ጭራሮ ጀምራችሁ ቱቦውን ቶሎ አሙቁት። ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ወፍራም ፍልጥ መጫን ጭስ ማምረት ነው። ቴርሞሜትሩ ልኩ ውስጥ ሲገባ ፍልጥ ጨምሩ፣ አየሩንም ቀስ በቀስ ቀንሱ። በጨመራችሁ ቁጥር ፍልጡ በነበልባል እስኪያያዝ አየሩን መልሳችሁ ክፈቱ። ምድጃችሁ ጭሱን የሚያነድድ ካታሊስት ያለው ከሆነ ሙቀቱ ወደ 260 ዲግሪ ሳይደርስ የጭሱን ማለፊያ አትዝጉ፤ ካታሊስቱ ከዚያ በታች ሥራ አይጀምርም።

ማታስ? ከመተኛታችሁ ከአንድ ሰዓት ያህል በፊት ፍሙን ወደ ፊት ሰብስቡ፤ ጥቂት ወፍራም፣ በደንብ የደረቀ ፍልጥ ከኋላ አስቀምጡ። አየሩን ክፈቱና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አምሮ ይንደድ፤ ፍልጡ ዙሪያውን ይክሰል። ከዚያ ነበልባሉ ሳይጠፋ አየሩን በደረጃ ቀንሱ። ነበልባል ካለ ጭሱ እየነደደ ነው፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ጭስ ከታየ አብዝታችሁ ዘግታችኋልና መልሳችሁ ክፈቱ። ሌሊት ላይ የሚቀረው ከሰል ነው፤ ጠዋት የምትገልጡት ያ ፍም ነው። ቤቱ ሊነጋ ሲል በጥቂት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ ለዚያ ብላችሁ ጥሬ ማገዶ አትዳፍኑ።

የጭስ ማውጫ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ፣ በባለሙያ ይፈተሻል። ጥቀርሻው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ይጠረጋል። አሮጌ ቤት ገዝታችሁ ጠባብ የምድጃ ቱቦ ከሰፊ የጡብ ጭስ ማውጫ ጋር ከተገናኘ ጭሱ እዚያ ስፋት ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ በልኩ የተሠራ የብረት ቱቦ ከውስጥ ይግባለት። ከቤቱ ውጭ በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የቆመ ጭስ ማውጫም ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ተደጋግሞ ይታይ።

ከእሳቱ ጋር የሚመጣ፣ ዓይን የማያየው ሌላ ነገር አለ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ፍም የሆነ፣ ጭስ የሌለው እሳት አብዝቶ ያመነጨዋል። ስለዚህ ፍሙ እያለ የቱቦውን መዝጊያ ጥርቅም አታድርጉ። በመኝታ ቤቶች አጠገብና በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድም የጭስም ማስጠንቀቂያ ይኑር፤ ባትሪው ይሠራ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለቡና የሚሆን ከሰል አፓርትመንት ውስጥ ማንደድ ለዚሁ መርዝ ያጋልጣልና በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። የቡናው ወግ አይጎድልም።

አመዱም ይታሰብበት። ከላይ ቀዝቅዞ ከውስጡ ለቀናት ፍም ይይዛል። በወረቀት ከረጢት፣ በፕላስቲክ ባልዲ፣ ከእንጨት በረንዳ ላይ አይቀመጥም። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ተደርጎ፣ ከቤቱ ርቆ፣ ሲሚንቶ ወይም አፈር ላይ ይቀመጥ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን ሁሉ የተናገርኩት ምድጃውን እንድትፈሩት አይደለም። በደረቅ ማገዶ፣ በልኩ አየር፣ ቁጥሩ እየታየ የሚነድ ምድጃ ቤት ያሞቃል፣ መብራት ሲጠፋም ያበስላል። የሚጎዳችሁ ከፍ ያለውን እሳት ብቻ ፈርታችሁ ዝቅ ያለውን ስታምኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አራት ነገር አድርጉ፦ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ለጥፉ፤ ከማገዶ ክምራችሁ ሦስት ፍልጥ መርጣችሁ ርጥበቱን ለኩ፤ ማስጠንቀቂያዎቹን ተጭናችሁ አስጩኹ፤ የጭስ ማውጫ ባለሙያ ጠርታችሁ ቱቦውን አስፈትሹ። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ምድጃው አይለኮስ፤ ምን ያህል ሬንጅ እንዳለበት ሳታውቁ የምታነድዱት እሳት ትንሽም ሆነ ትልቅ ልኩ አይታወቅምና።